ባዶ ተራራ የለም

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

ዲላ ውስጥ በማለዳ ተነስቶ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ዳገት የሚያቀና ሽበታም ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ከኋላዬ ድክ ድክ የሚለውን ውሻዬን ካዩ በኋላ ነው። «ይሄንን ሚጢጢ ይዘው ነው የሚወጡት?» ይሉኛል። አንዴማ አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ግራ ቀኙን አየና «ውሻው ነው የጠፋው ወይስ እርስዎ ኖት?» ብሎኝ አረፈ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም እያሰብኩበት ነው።

ውሻዬ ቡቺ ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። በዚህ አገር ትንሽ ውሻ ሁሉ ቡቺ ነው። ዘሩን አትጠይቁኝ። ክብደቱ ከሁለት ጥሩ ዶሮ አይበልጥም፤ ጩኸቱ ግን የአንበሳ ነው። ሜዳ ላይ ይለግማል። ዳገት ሲያይ ደግሞ የተጠራ ይመስል ቀድሞኝ ይሮጣል፤ ከላይ ሆኖ ዘወር ይልና እኔ ሽማግሌው እያለከለክሁ ስመጣ በትዕግሥት ይጠብቀኛል። ቋጥኝ ሲያጋጥመን ተራው የእኔ ይሆናል፤ ጃኬቴ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ እኔም በእጅ በእግሬ እየቧጠጥኩ እወጣለሁ። እንግዲህ የሁለታችን የሥራ ክፍፍል ይኸው ነው።

የልጁ ጥያቄ ግን የዋዛ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ያለ ምክንያት ተራራ አይወጣም። አባቶቻችን ተራራ የወጡት ወይ እግዚአብሔርን ፍለጋ፣ ወይ ጠላትን ሽሽት፣ ወይ ተገድደው ነው። ደብረ ዳሞን አስቡት። አቡነ አረጋዊ በስድስተኛው መቶ ዓመት እዚያ ገደል አናት ላይ ገዳም የመሠረቱት ዘንዶ አውጥቷቸው ነው ይባላል፤ ዛሬም የሚወጣው በገመድ ተንጠልጥሎ ነው። አምባ ግሼንን አስቡት። ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ተራራ ነበር፤ እዚያ የሚወጣ ሰው የሚወጣው ላለመውረድ ነው። መቅደላንም አስቡት። አፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ያወጡት፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈበት አምባ ነው። መነኩሴ፣ እስረኛ፣ ንጉሥ፣ ሽፍታ፤ የተራራችን እንግዶች እነዚህ ናቸው። «አየሩ ጥሩ ነው፣ እስቲ ወጣ ብዬ ልምጣ» ብሎ ተራራ የወጣ ሰው ታሪካችን ብዙም አያስታውስም። ስለዚህ የዲላ ሰው ምን ጠፋብህ ቢለኝ የጠየቀው ታሪክን ተመርኩዞ ነው።

ተራራን ለተራራነቱ ብቻ መውጣትን እንደ ሥራ የያዙት አውሮፓውያን ናቸው። ሞን ብላን የተባለው ተራራቸው አናት ላይ ሰው የደረሰው በ1786 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያው የተራራ ወጪዎች ማኅበር ለንደን ላይ የተቋቋመው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ግን የአንዲት ውሻ ነገር ነው። ኩሊጅ የሚባል ከአክስቱ ጋር ስዊስ አገር ተራራ ለተራራ የሚዞር አሜሪካዊ ጎረምሳ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. አይገር የተባለውን ተራራ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረና አኮረፈ። መንገድ መሪው ክርስቲያን አልመር ማጽናኛ ብሎ ውሻውን ሰጠው። ስሟ ቺንገል ይባላል፤ ስሙን ያገኘችው ገና ቡችላ ሳለች ካቋረጠችው የበረዶ መተላለፊያ ነው። ይህቺ ውሻ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከኩሊጅና ከአክስቱ ጋር ስንቱን በረዶ ረገጠች! በ1875 እ.ኤ.አ. ሞን ብላን አናት ላይ በገዛ እግሯ ወጣች። ከእኛው ራስ ዳሸን ከሁለት መቶ ሜትር በላይ የሚበልጥ ተራራ መሆኑን ልብ በሉ።

ነገሩ የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም እዚህ ላይ ነው። የለንደኑ ማኅበር ለቺንገል የክብር አባልነት ሰጣት እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። እውነት ይሁን ቀልድ ተዉት። የኩሊጅ አክስት ሜታ ብረቮርት ግን፣ በዘመኗ ከነበሩት ምርጥ ተራራ ወጪዎች አንዷ ሆና ሳለ፣ ሴት በመሆኗ ማኅበሩ ውስጥ መግባት አትችልም ነበር። ውሻ ሲመሰገን የሴት ልጅ ላብ የማይቆጠርበት ዘመን ነበር ማለት ነው። «ነበር» ስል ትንሽ አፈር አልኩ። ለማንኛውም እንቀጥል።

«ውሻ ይዞ መሄድ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ግን መጽሐፈ ጦቢትን አንብቡ እላቸዋለሁ። ጦብያ አባቱ ልኮት ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ አብሮት የተጓዘው መልአኩ ሩፋኤል ነው፤ ከኋላቸው ደግሞ ውሻ ነበር። ሲመለሱም አለ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህንን ለተማሪዎቼ አነሳላቸው ነበር። ውሻው በታሪኩ ውስጥ አንዳች ሥራ የለውም። አይነክስም፣ አይጮኽም፣ ማንንም አያድንም። ታዲያ ተራኪው ለምን አስገባው? ተማሪዎቼ ብዙ የተራቀቀ መልስ ይሰጡኝ ነበር። ምሳሌ ነው የሚሉ፣ ምልክት ነው የሚሉ ነበሩ። አንዷ ብቻ «ውሻው ስለነበራቸው ነዋ!» አለችኝ። ሙሉ ማርክ የሚገባት መልስ ነበር፤ ያኔ ግን አልሰጠኋትም። ዛሬ ዳገት ላይ ቡቺን ከኋላዬ ስሰማው አስታውሳታለሁ።

ሙስሊም ወገኖቼም የዋሻውን ሰዎች ታሪክ ያውቃሉ። ለእምነታቸው ሲሉ ሸሽተው ዋሻ የገቡት ወጣቶች ለዘመናት ሲተኙ፣ ውሻቸው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ እንደነበር ቅዱስ ቁርኣን ይናገራል። ስለዚህ ውሻ በሁለቱም ቤት፣ ሰው መንገድ ሲወጣና ሲሸሽ አብሮ አለ። እኛ ግን በአነጋገራችን «ውሻ» ስንል ስድብ ነው። በላበት ብቻ የሚጮኽ አድርገን ተርተንበታል።

ትንሽ ውሻ ከተነሳ ደግሞ ሉሉን መዝለል አይቻልም። ሉሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ ነበር፤ እንደ ቡቺ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። ሪሻርድ ካፑሺንስኪ የተባለው የፖላንድ ጋዜጠኛ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና ሥራው ያንን መጥረግ የሆነ ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር ብሎ ጻፈ። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች ይህንን ተረት ነው ይሉታል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ቢሆንም ይህቺን የሽንት ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ጌዴኦ ልውሰዳችሁ።

የጌዴኦን ምድር ከሩቅ ያየ ሰው ጫካ ነው ይላል። ሲጠጉት ጓሮ ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ሆኖ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ሌላው አትክልት። ከአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ካለው ቆላ ተነስቶ እስከ ቡሌ ደጋ ድረስ ሽቅብ የሚወጣው ተዳፋት ሁሉ በሰው እጅ የተያዘ ነው። ሌላ አገር እንዲህ ያለ ዳገት በአንድ ክረምት ተሸርሽሮ አለት ይሆን ነበር። እዚህ ግን ሥሩ አፈሩን፣ ቅጠሉ ዝናቡን ይዞት፣ ሰው እንደ አሸን በሚኖርበት ቦታ መሬቱ እስከ ዛሬ ለምለም ነው። ይርጋ ጨፌ የሚባለው፣ ዓለም ስሙን እየጠራ የሚጠጣው ቡና የሚበቅለው እዚሁ ጥላ ሥር ነው።

ይህ ለተራራ ወጪ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማንም የሌለበት መንገድ የለም ማለት ነው። ሽቅብ ስትወጡ በሰው ደጅ ታልፋላችሁ፣ የሰው ቡና ትነካላችሁ፣ የሰው ልጅ ይከተላችኋል። የፈረንጅ ተራራ ወጪ ሰው ያልረገጠውን ፍለጋ ይወጣል። ጌዴኦ ውስጥ ግን ሰው ያልረገጠው ብሎ ነገር የለም። በየደጁ ሰላምታ አለ፣ በየሰላምታው «ቡና ጠጡ» አለ። ከዲላ ተነስቼ አንድ ሰዓት የማይፈጀውን ኮረብታ አራት ሰዓት ወስዶብኝ ያውቃል። ቡቺም በበኩሉ በየደጁ ያሉትን ውሾች ሲያስፈቅድ ይውላል። የእሱ ማስፈቀድ ጠጋ ብሎ መሽተት ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ሥርዓቱን ቶሎ የለመደው።

መቧጠጥ የተማርኩት ግን ወደ ላይ ስወጣ አይደለም፤ ወደ ታች ስወርድ ነው። ከዲላ ብዙም በማይርቅ ሸለቆ ውስጥ ሸጴ የሚባል ቦታ አለ። ወንዙን ይዞ ባለው ገደል ላይ በአለቱ ገጽ የተቀረጹ ላሞች አሉ፤ አንድ መንጋ ሙሉ፣ ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ፣ ጡታቸው ጎልቶ የሚታይ፣ ሻኛ የሌላቸው። ይህ ሥዕል ለጥናት ዓለም የታወቀው በ1957 ዓ.ም. ገደማ የዲላ አውራጃ ገዥ በነበሩት ፊታውራሪ አማካይነት ነው፤ ፍራንሲስ አንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪም ወዲያው አጥንቶ ጽፎበታል። ቡቺን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ አለቱን በደረቴ እየታከክሁ ደረስኩ። ከመንጋው ውስጥ ውሻ ፈልጌ አጣሁ። ላም ባለበት እረኛ አለ፣ እረኛ ባለበት ውሻ አለ፤ ቀራጩ ግን ላሞቹን ብቻ ነው ያከበረው። ቡቺ እንደሆነ ከጃኬቴ አንገቱን አውጥቶ ጮኸባቸው።

ዋናው ነገር ያለው ግን ከላይ፣ ከተራራው ጀርባ ላይ ነው። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች በብዛት የቆሙት ሸንተረሩን ተከትለው ነው። ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው አሉ፤ ጨልባ ቱቱቲ ላይ ደግሞ ከሺህ በላይ ድንጋይ እንደ ደን ቆሟል፤ አንዳንዱ ከሦስት ሰው ቁመት በላይ ነው። በዞኑ በጠቅላላው ከአሥር ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በአፍሪካ በአንድ አካባቢ ይህን ያህል ትክል ድንጋይ የተከማቸበት ሌላ ቦታ የለም። ለረጅም ጊዜ ዕድሜያቸው ከሺህ ዓመት አይበልጥም ሲባል ኖሯል። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን አሸናፊ ዜና የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሳካሮ ሶዶ ከተባለው ቦታ ባገኙት ማስረጃ መነሻ፣ ጥንታዊዎቹ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት የቆሙ መሆናቸውን አሳወቁ። የአክሱም ስም በዓለም መሰማት በጀመረበት ዘመን ማለት ነው! ከዚያው የተገኘው የባልጩት ድንጋይም አብዛኛው ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ሆኖ ተገኘ። እኛ ተራራውን የዓለም ዳርቻ ስናደርገው፣ እነሱ ለካ የመንገድ መካከል አድርገውት ኖሯል።

እንግዲህ የሽንቷ ነገር እዚህ ጋ ትመጣለች።

አንድ ቅዳሜ ከቡቺ ጋር ረጅም ዳገት ወጥተን ከአንድ ሸንተረር ደረስን። ስሙን አልናገርም። ድክም ብሎኝ ገመዱን ለቀቅሁትና ውኃዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዘወር ስል ቡቺ አንዱ ትክል ድንጋይ ሥር ሄዶ እግሩን አንስቷል። ውሻ ምን ያደርጋል፣ የቆመ ነገር ካየ እግሩን ያነሳል። ልጮህበት አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላወቅሁም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ይቅርታ አባባ፣ ውሻ ነው፤ አያውቅም» አልኩ ተንተባትቤ።

ሽማግሌው ቡቺን አዩት፣ ድንጋዩን አዩት፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

«እሱስ አያውቅም» አሉኝ። «ገመዱ በማን እጅ ነበር?»

ሌላ ምንም አላሉም። አልተቆጡም። እንዲያውም ቁጭ በል ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ኃላፊነት ስለሚባል ነገር ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ እንዲህ ባጭሩ ተነግሮ ሰምቼ አላውቅም። ሉሉ ላይ ስስቅ የኖርኩትም ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ቆመብኝ። እዚያ ቤተ መንግሥት ተፈጸመ የተባለው ተረት እንኳ ሊሆን ይችላል፤ የእኔው ግን ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። በዚያ ላይ ጫማ ይጠረጋል፤ የአባት መታሰቢያ ግን በምን ይጠረጋል?

ከዚያ ስለ ቡቺ ጠየቁኝ። ይበላል? ይጠብቃል? ልጆች ይወዱታል? ቀጥለው የራሳቸውን አወሩኝ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተፈጠረው ግጭት፣ ከምዕራብ ጉጂ ተሰደው የመጡ ዘመዶቻቸው ቤታቸውን ሞልተውት ነበር። ያን ዓመት በሚያዝያና በሰኔ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መጋዘኑ ሁሉ ሰው ተኝቶበት ነበር። ጌዴኦና ጉጂ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ በጋብቻ፣ በገበያ፣ በሽምግልናም የተሳሰሩ ናቸው።

«የእህቴ የልጅ ልጅ ነበር፤ ትንሽ ልጅ» አሉኝ ሽማግሌው። «ቤት ተቃጥሏል፣ ከብት ጠፍቷል፣ እሱ የሚያለቅሰው ለውሻው ነው። ውሻው አልመጣም፤ ደጁን ይዞ ቀረ። እኛ ነን ትተን የምንሄደው። ውሻ ትቶ አይሄድም።»

የዋሻውን ደጃፍ ይዞ የተጋደመው ውሻ ትዝ አለኝ። ምንም አልመለስኩላቸውም። ቡቺ እግሬ ሥር ተኝቷል፤ ገመዱን ሁለት ዙር እጄ ላይ ጠምጥሜዋለሁ።

ይህንን የምጽፈው የንስሐ ወረቀት እንዲሆንልኝ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ስብሰባ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ስብሰባ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመዘገበ። ሁለቱም ተራራ ናቸው፤ ሁለቱም እንግዳ ይጠራሉ። ደስ ይላል። ነገር ግን እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዳንዱ ካሜራ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ቆሻሻውን ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱም እንደ እኔ ውሻውን ይዞ ይመጣል።

የባሌውን ብቻ ልንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ዛሬ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከአምስት መቶ ያነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ባሌ ላይ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኋላም በ1996 ዓ.ም. ከሰው ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ገብቶ በሽታው ካገኛቸው የባሌ መንጋዎች አብዛኞቹን አባላት ፈጀ። ውሾቹ ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። ማንም ስላላስከተባቸው ነው። እንደገና፣ ገመዱ በማን እጅ ነበር? ለዚህ ነው ቡቺን ባሌ የማልወስደው። ወዳጆቼ «አንዴ ሳነቴን ሳያይ ይሙት?» ይሉኛል። አዎ፣ ሳያይ ይሙት፤ ለእሱም ሆነ ለቀይ ቀበሮው የሚሻለው ይኸው ነው።

ጌዴኦ ላይ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። እዚህ የሚጠፋው አውሬ ሳይሆን አክብሮት ነው። ቅርስ የሚል ታፔላ የተተከለበት ቦታ ሁሉ የማንም ያልሆነ ይመስለናል። «የዓለም» ከተባለ የጎረቤት መሆኑ የቀረ ይመስለናል። ነገር ግን ትክል ድንጋዮቹን ወረቀት አልጠበቃቸውም፤ የጠበቋቸው በትር የተደገፉ ሽማግሌዎች ናቸው። ሶንጎ ተቀምጠው መሬት፣ ውኃ፣ ዛፍና ጠብ የሚዳኙት እነሱ ናቸው። ቅዱስ የተባለው ደን ዛሬም ቆሞ የምናየው ማንም እንዳሻው መጥረቢያ እንዳያነሳበት እነሱ ስላሉ ነው። ዓለም ያወቀላቸው የኖሩበትን ነገር ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የምሄድበት ሥርዓት ተለውጧል። የቡቺ የክትባት ካርድ ከመታወቂያዬ ጋር ኪሴ ውስጥ ነው። ገመዱ ከእጄ አይወጣም። ሸንተረሩ ጫፍ ከመድረሴ በፊት ባለው የመጨረሻ ደጅ ቆሜ አስፈቅዳለሁ፤ ቡቺን እዚያ ለልጆች ትቼው ወደ ድንጋዮቹ የምወጣው ብቻዬን ነው። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ቡቺ አይለውም። ስመለስ ግን ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ ሳይል አገኘዋለሁ።

ባለፈው ያ ከብት የሚጠብቀው ልጅ እንደገና አገኘኝ። ቁመቱ ጨምሯል፣ ነገረኛነቱ አልቀነሰም። «ጋሼ፣ የጠፋውን አገኙት?» አለኝ።

«እየፈለግን ነው» አልኩት።

ልጁ ገመዱን አየና «እሱ ግን ይዞዎታል» ብሎኝ ከብቶቹን ተከትሎ ወረደ።